ኤችአይቪ በአስከሬን ምርመራ ክፍል

ሰው ሲሞት ደሙ ውስጥ ያለው ኤችአይቪ ወዲያው አብሮት አይሞትም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቆየ አስከሬን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንኳ ሕያው ቫይረስ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ይህ በተለይ የሚያሳስበው አስከሬን መርምረው የሞትን ምክንያት የሚያጣሩትን የፎረንሲክ ሐኪሞችንና ረዳቶቻቸውን ነው። ሆስፒታል ተኝቶ የሞተ ሰው የሕክምና ካርድ አለው። ፎረንሲክ የሚመጣው ግን መኪና የገጨው፣ በጩቤ የተወጋ፣ መንገድ ዳር ወድቆ የተገኘ ነው። ስሙ እንኳ የማይታወቅ አለ፤ የጤና ታሪኩማ ከየት ይመጣል? እኛ አገር ይህን ሥራ ለረጅም ዓመታት የተሸከመው አዲስ አበባ ያለው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ከክፍለ ሀገር ሳይቀር አስከሬን ተጭኖ ይመጣበት ነበር።

ስለዚህ ማንኛውም አስከሬን ቫይረሱ እንዳለበት ተቆጥሮ ነው የሚነካው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) እ.ኤ.አ. በ1987 ለጤና ባለሙያዎች ያወጣው መመሪያም መነሻው ይኸው ነበር፦ የማንም ደም ይጠረጠራል።

ዋናው ጠላት ስለት ነው። ምላጭ፣ መርፌ፣ የተሰበረ የጎድን አጥንት ጫፍ። ቫይረሱ ያለበት ደም በነካው መርፌ የተወጋ ሰው በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ ከ1000 ወደ 3 ገደማ ነው። ላልተከተበ ሰው ግን ሄፓታይተስ ቢ በሚባለው የጉበት በሽታ የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ሰው የሚፈራው ኤችአይቪን ሆኖ፣ ክትባት ያለውን ሄፓታይተስ ቢን ይረሳዋል! የራስ ቅል በመጋዝ ሲቆረጥ ደግሞ ይበልጥ የሚያሰጋው የሚበተነው የቲቢ ጀርም ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ምላጩን ያልያዘው፣ አካሉን ደግፎ የያዘው እጅ ነው። ለዚህም በሁለት ጓንት መሃል ስለት በቀላሉ የማይቆርጠው ሦስተኛ ይደረጋል። ጫፉ የደነዘ መቀስ ይመረጣል። ሁለት ሰው በአንዴ አይቆርጥም፤ ምላጭም ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም። ይህ ሁሉ ተደርጎም የተቆረጠ ሰው ቁስሉን በውኃና ሳሙና ይታጠባል እንጂ አይጨምቅም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱን ቢቻል በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ 28 ቀን ይውጣል።

የሟቹን ደም መመርመርም ይቻላል፤ ናሙናው ብዙ ጊዜ ከጭን ደም ሥር ይወሰዳል። ደሙ ከተበላሸ ግን ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። የሞት ምክንያት ሲጻፍም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቫይረሱ ያለበትን ሰው መኪና ከገጨው የገደለው መኪናው ነው። ኤችአይቪን እዚያ ወረቀት ላይ ማስፈር ለቀስተኛውን ሌላ ወሬ ውስጥ ይከታል፤ ሟቹም ቢሆን ምስጢር አለው።