ከዘራ፣ ሽጉጥና ቃለ ጉባኤ፦ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ሕግ አውጪዎች ስላደረጉት ድብድብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የመጀመሪያው መድፍ የተተኮሰው በኤፕሪል 1861 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአገሪቱ ሕግ አውጪዎች ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ሠላሳ ዓመታት በገዛ ምክር ቤታቸው ውስጥ በጡጫና በከዘራ ሲደባደቡ፣ ጩቤና ሽጉጥ ሲማዘዙ ቆይተዋል። ከ1830 እስከ 1860 ባለው ጊዜ በሁለቱ ምክር ቤቶች፣ ማለትም በሴኔቱና በተወካዮች ምክር ቤት አዳራሾች፣ በአካባቢው ጎዳናዎችና በፍልሚያ ሜዳዎች በእንደራሴዎች መካከል ከ70 በላይ የኃይል ድርጊቶች መፈጸማቸው በታሪክ ጥናት ከደብዳቤና ከግል ማስታወሻ ተለቅሞ ወጥቷል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን አንዱ ድርጊት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ተዛብቶ ይነገራል። መዛባቱ የሚያሳስበኝ ነገሩን የግልፍተኞች ተራ ጠብ አስመስሎ፣ በጠቡ መሐል የነበረውን ዋና ጉዳይ፣ ማለትም በ1860 ቁጥራቸው ወደ 4 ሚሊዮን የደረሰውን በባርነት የተያዙ ሰዎች ዕጣ ስለሚያስረሳ ነው።

«በሴናተር ሰምነር ላይ የደረሰው ድብደባ የመጀመሪያው ነበር»

ቻርልስ ሰምነር ባርነትን አጥብቆ የሚቃወም የማሳቹሴትስ ሴናተር ነበር። ሜይ 22 ቀን 1856 የደቡብ ካሮላይናው እንደራሴ ፕሬስተን ብሩክስ ሰምነር ከመቀመጫው ሳይነሳ በከዘራ ደብድቦ ራሱን አሳተው። ከሁሉም የሚታወቀው ድርጊት ይህ ቢሆንም የመጀመሪያው ግን አይደለም። ከዚያ 58 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ምክር ቤቱ ገና ፊላደልፊያ ሳለ፣ በፌብሩዋሪ 1798 የኮነቲከቱ ሮጀር ግሪስዎልድ የቨርሞንቱን ማቲው ላዮን በከዘራ ሲመታው፣ ላዮን ከምድጃው አጠገብ የእሳት መቆንጠጫ አንስቶ ተከላክሏል። ነገሩ የተነሳው ላዮን ከሁለት ሳምንት በፊት ግሪስዎልድ ፊት ላይ ምራቁን ስለተፋበት ነበር።

ሞት የተከተለበትም አለ። በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1838 የሜይኑ እንደራሴ ጆናታን ሲሊና የኬንታኪው እንደራሴ ዊልያም ግሬቭስ፣ ሁለት ሰዎች በቀጠሮ ተገናኝተው በመሣሪያ በሚፋለሙበት ዱኤል በሚባለው ልማድ መሠረት ሜሪላንድ ውስጥ ብላደንስበርግ አጠገብ በጠመንጃ ተታኮሱ። በመካከላቸው የግል ቂም አልነበረም፤ ግሬቭስ ከአንድ የጋዜጣ አዘጋጅ ይዞ የመጣውን ደብዳቤ ሲሊ አልቀበልም በማለቱ ብቻ ግሬቭስ ክብሬ ተነካ አለ። በሦስተኛው ተኩስ ሲሊ ወደቀ፤ ሞተም። ዛሬ በዋሽንግተንና በሜሪላንድ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በመኪና የሚመላለሱበት አካባቢ ነው። በተከታዩ ዓመት በዋና ከተማዋ ክልል ለዱኤል መጥራትንም ሆነ ጥሪ መቀበልን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ግሬቭስ ግን እስከ 1841 ድረስ በወንበሩ ላይ ቆየ።

«ብሩክስ ሰምነርን የመታው በድንገት ገንፍሎ ነው»

ከሁሉም ይበልጥ መታረም ያለበት ይህ ይመስለኛል። ሰምነር በሜይ 19 እና 20 ባደረገው ረጅም ንግግር የካንሳስ ግዛት በኃይል የባርነት ምድር እንድትሆን መደረጉን አውግዞ፣ በስፍራው ያልነበረውን የደቡብ ካሮላይናውን ሴናተር አንድሩ በትለርን ባርነትን እንደ እመቤቱ አድርጎ የያዘ ሰው ነው በማለት ክፉኛ ነቅፎት ነበር። ብሩክስ የበትለር ዘመድ ነው። ንግግሩ ካለቀ በኋላ ሁለት ቀን አስቦበታል፣ ከወዳጆቹ ጋር መክሯል፣ ሰምነርንም በምክር ቤቱ ግቢ ቆሞ ጠብቆታል።

በሦስተኛው ቀን ስብሰባው ተበትኖ ሰምነር በጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ለመራጮች የሚላኩ የንግግሩን ቅጂዎች ሲፈርም፣ ብሩክስ ወደ አዳራሹ ገባ። ወዲያው ግን አልቀረበውም። በአዳራሹ አንዲት ሴት ስለነበረች እስክትወጣ ድረስ ተቀምጦ ጠበቀ፤ በሴት ፊት ሰው መምታት ለክብሩ የሚመጥን ሆኖ አልታየውም። ሴትዮዋ ስትወጣ ተጠግቶ፣ ንግግሩን ሁለት ጊዜ በጥንቃቄ እንዳነበበውና የግዛቱንና የዘመዱን ስም ያጠፋ ሆኖ እንዳገኘው ነገረው፤ ሰምነር ቀና ከማለቱ አናቱ ወርቅ በሆነው ከዘራ ራሱን መታው። ሰምነር ረጅም ሰው በመሆኑ እግሮቹ ከጠረጴዛው ሥር ተቀርቅረው ነበር፤ ጠረጴዛው ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ነውና ለመነሳት ሲታገል ከነብሎኑ ነቀለው። ከዘራው እስኪሰባበር ድረስ ምቱ አልቆመም። የብሩክስ ጓደኛ ሎረንስ ኪት ከዘራውን እያወዛወዘ ሰው እንዳይጠጋ ሲከለክል፣ ለመገላገል ከሞከሩት አንዱ ሽማግሌው ሴናተር ጆን ክሪተንደን ነበሩ፤ እሳቸውም ባርነት ከሚፈቀድባት ከኬንታኪ የመጡ ናቸው።

ብሩክስ ለምን ዱኤል አልጠራውም? ባርነት በሚፈቀድበት በደቡብ በነበሩት ባላባቶች የክብር ልማድ ለዱኤል የሚጠራው እኩያ ተብሎ የታመነ ሰው ብቻ ነው፤ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ሰው ግን ይገረፋል። ስለዚህ ከዘራው ራሱ መልእክት ነበረው። አለንጋ በእርሻው ላይ ሥርዓት ማስከበሪያ የሆነለት ሰው ያንኑ ሥርዓት ወደ ሴኔቱ አዳራሽ ይዞት ገባ።

ዓላማውም አዲስ አልነበረም። የተወካዮች ምክር ቤት ከ1836 እስከ 1844 ድረስ ባርነት እንዲቀር የሚጠይቁ የሕዝብ አቤቱታዎች ውይይት እንዳይደረግባቸው በደንብ ከልክሎ ነበር። ደንቡ ያልሸፈነውን ዛቻ ይሸፍነው ነበር። የኦሃዮው እንደራሴ ጆሹዋ ጊዲንግስ ስለ ባርነት ሲናገር በዚያው አዳራሽ ከአንድ ጊዜ በላይ በመሣሪያ ተዝቶበታል። ባርነት በማይፈቀድበት በሰሜን ያሉ ብዙ መራጮች ዱኤልን እንደ ነፍስ ግድያ ያዩት ስለነበር፣ የሰሜን እንደራሴ ቢፋለም አገሩ ላይ ይዋረዳል፤ ባይፋለም ደግሞ ዋሽንግተን ላይ ፈሪ ይባላል። ዝም ያለ ሰው ከሁለቱም ይድናል። ዛቻ ይሠራ የነበረው በዚህ መንገድ ነው፤ የዝምታውን ዋጋ የከፈሉት ደግሞ በአዳራሹ ድምፅ ያልነበራቸው ባሪያዎች ናቸው።

«ድብድቡ ሁልጊዜ በሰሜንና በደቡብ መካከል ነበር»

የላዮንና የግሪስዎልድ ጠብ በሁለት የሰሜን ሰዎች መካከል ነበር፤ ሲሊን ያስገደለው ጠብም የፓርቲ እንጂ የባርነት ጉዳይ አልነበረም። በኤፕሪል 17 ቀን 1850 በሴኔቱ ውስጥ ሽጉጥ የመዘዘው የሚሲሲፒው ሄንሪ ፉት ሲሆን፣ የመዘዘበትም የሚዙሪው ቶማስ ሃርት ቤንተን ነው፤ ሁለቱም ባርነት ከሚፈቀድባቸው ግዛቶች የመጡ፣ ሁለቱም ዴሞክራቶች ናቸው። ግዙፉ ቤንተን ወደ ፉት ሲገሰግስ ፉት ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሽጉጡን አወጣ፤ ቤንተንም ኮቱን ገልጦ ደረቱን እያሳየ መሣሪያ እንዳልያዘ ጮኸ፣ ነፍሰ ገዳዩ ይተኩስ አለ። ሽጉጡን ሌላ ሴናተር ተቀበለው፤ ማንም ግን አልተቀጣም። ቤንተን ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ሆኖ ሳለ ባርነት ወደ አዳዲስ ግዛቶች መስፋፋቱን በመቃወሙ ይህ ደረሰበት። ጠቡ በጥርት ባለ መስመር ሰሜንና ደቡብ እየሆነ የሄደው ከ1854 ወዲህ፣ በካንሳስና በነብራስካ ባርነት ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለውን ለሰፋሪዎቹ የተወ ሕግ ወጥቶ፣ የባርነትን መስፋፋት የሚቃወመው ሪፐብሊካን ፓርቲ ከተወለደ በኋላ ነው።

«እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር በቃለ ጉባኤው ላይ በሰፈረ ነበር»

የዘመኑ የክርክር መዝገብ ብዙውን ነገር አለስልሶ ያልፈዋል። ጡጫ የተሰነዘረበትን ቀን ክርክሩ ወደ ግለሰብ ጉዳይ እንደዞረ በመጥቀስ ብቻ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። እንደራሴዎቹ ንግግራቸውን ከመታተሙ በፊት ያርሙ ነበር፤ የዋሽንግተን ጋዜጦችም ገቢያቸው ከምክር ቤቱ የሕትመት ሥራ ጋር የተያያዘ ስለነበር ማስቀየም አይፈልጉም። እውነቱ የተገኘው ከግል ጽሑፎች ነው። ከ1833 ጀምሮ ዋሽንግተን ውስጥ ኖሮ በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ የሆነው ቤንጃሚን ብራውን ፍሬንች ያየውን በዕለት ማስታወሻው ይጽፍ ነበር። የኒው ሃምፕሸር ሰው ሲሆን ለረጅም ዘመን የደቡቦቹ የፓርቲ ወዳጅ ነበር፤ በ1860 ግን የሚያስፈሩት እነሱ ሆነው ሽጉጥ ገዛ።

በ1850ዎቹ ቴሌግራፍ ሲስፋፋና ከሌሎች ከተሞች የመጡ ዘጋቢዎች ሲበዙ መደበቁ አልተቻለም። በሰምነር ላይ የደረሰው ድብደባ ያን ያህል አገር ያናወጠው አንዱም ምክንያት ወሬው ሳይውል ሳያድር በየከተማው በመድረሱ ነው።

«ብሩክስ ከምክር ቤት ተባረረ»

አልተባረረም። በጁላይ 1856 እንዲባረር 121 እንደራሴዎች ሲደግፉ 95 ተቃወሙ፤ ለማባረር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር ውሳኔው ወደቀ። በማግስቱ ራሱ ለቀቀ፤ መራጮቹም በሳምንታት ውስጥ መልሰው ላኩት። ፍርድ ቤት የጣለበት ቅጣት 300 ዶላር ብቻ ነበር። ከደቡብ ልዩ ልዩ ከተሞች በተሰበረው ምትክ አዳዲስ ከዘራዎች በስጦታ ተላኩለት። ብዙም ሳይቆይ በጃንዋሪ 1857 በጉሮሮ ሕመም በ37 ዓመቱ ሞተ።

«ሰምነር የታመመ አስመስሎ ነበር» የሚለውም ወሬ የዚያኑ ዘመን ጠላቶቹ ያናፈሱት ነው። ፓሪስ ሄዶ አንድ ታዋቂ ሐኪም ያለማደንዘዣ ጀርባውን በእሳት ሲተኩሰው ችሎ የተቀመጠ ሰው ሕመሙን አስመስሏል ማለት ለማመን ይከብዳል። እስከ ዲሴምበር 1859 ድረስ ሥራውን በቅጡ መቀጠል አልቻለም፤ የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ግን በ1857 እንደገና መርጦት ወንበሩ ባዶውን እንዲታይ አደረገ። ድብደባው የደረሰበት አዳራሽ ሴኔቱ ዛሬ የሚሰበሰብበት አይደለም፤ እስከ 1859 ያገለገለው አሮጌው አዳራሽ ነው፤ ጎብኚም ሊያየው ይችላል።

«ሰሜኖቹ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ይመቱ ነበር»

ከሰምነር በኋላ የሰሜን መራጮች የሚዋጋላቸው ሰው መላክ ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1858 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በካንሳስ የባርነት ሕገ መንግሥት ላይ ሲከራከሩ፣ የፔንሲልቬንያው ጋሉሻ ግሮው ወደ ዴሞክራቶቹ ወገን ተሻግሮ ቆሞ ነበር። ያው ሎረንስ ኪት ወደ ቦታህ ተመለስ ብሎ ሰደበው። ግሮው የባሪያ ነጂ አለንጋውን እኔ ላይ አያጮኽም ብሎ መለሰለት። ኪት አንገቱን ሊያንቅ ሲል ግሮው በጡጫ ጣለው። ከዚያ ከሠላሳ በላይ የሚሆኑ እንደራሴዎች በአፈ ጉባኤው ፊት እርስ በርስ ተደባለቁ። ጠቡን ያቆመው የአፈ ጉባኤው መዶሻ ሳይሆን፣ የሚሲሲፒው ዊልያም ባርክስዴል ዊጉ ተነቅሎበት መልሶ ሲያጠልቀው ገልብጦት ሁሉም በመሳቁ ነበር።

በ1860 የቨርጂኒያው ሮጀር ፕራየር የዊስኮንሲኑን ጆን ፖተርን ለዱኤል ሲጠራው፣ ፖተር ጥሪውን ተቀብሎ መሣሪያው ቦዊ የሚባለው ትልቅ ጩቤ ይሁን አለ። የፕራየር ወገን ይህ አረመኔነት ነው ብሎ እምቢ አለ። በዚያ ዓመት የምክር ቤቱ አባላት አብዛኞቹ ታጥቀው ነበር የሚገቡት፤ አንድ የኒው ዮርክ እንደራሴ ሲናገር ሽጉጡ ከኮቱ ወለል ላይ ወድቆ አዳራሹን አተራምሷል። አፈ ጉባኤ ለመምረጥ እንኳን ሁለት ወር ገደማና 44 ዙር ድምፅ አስፈልጎ ነበር።

«ጦርነቱን ያመጣው የምክር ቤቱ ጠብ ነው»

የጦርነቱ ሥር ባርነት ነው። የምክር ቤቱ ድብድብ ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ ልዩነትን በንግግር ለመፍታት የተሠራውን ቦታ አባላቱ ራሳቸው እንዳያምኑት አደረገ፤ በየአገሩ ያለው ሰውም ከወንበሩ ወዲያ ያለው ወገን ጠላት መሆኑን በየጋዜጣው እያነበበ ለመደው። የደቡብ ግዛቶች ከአገሪቱ መገንጠል ሲጀምሩ ግን በአዳራሹ ዱላ አልተነሳም። በጃንዋሪ 21 ቀን 1861 በኋላ የተገነጠሉት ግዛቶች ፕሬዚዳንት የሆነውን ጄፈርሰን ዴቪስን ጨምሮ አምስት የደቡብ ሴናተሮች በተራ ተነስተው ተሰናበቱና ወጡ።

ከሦስት ወር በኋላ ያ ፖተርን ለዱኤል የጠራው ሮጀር ፕራየር በደቡብ ካሮላይናዋ ከተማ ቻርልስተን ነበር፤ ሕዝቡንም ምቱ እያለ ቀስቅሶ ነበር። በኤፕሪል 12 ንጋት በከተማዋ ወደብ የነበረውን፣ የአገሪቱ መንግሥት ወታደሮች የያዙትን የፎርት ሰምተርን ምሽግ የሚመታውን የመጀመሪያ መድፍ እንዲተኩስ ዕድሉ ሲሰጠው ግን እኔ አልተኩስም አለ፤ ሌሎች ተኮሱት።