የይርጋጨፌ ቡና እና አፈላሉ

ይርጋጨፌ በጌዴኦ ዞን፣ ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በስሟ የሚሸጠው ቡና ግን የሷ ብቻ አይደለም። የወናጎ፣ የኮቸሬና የገደብ ቡናም ይርጋጨፌ ይባላል።

እዚህ ቡና በአብዛኛው የጓሮ ተክል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 እስከ 2,200 ሜትር በሚደርስ ተዳፋት ላይ፣ ከእንሰት ጋር ተሰባጥሮ፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ይበቅላል። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደጋው ስለሚቀዘቅዝ ፍሬው ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ጣዕሙም የሚጠነክረው ለዚህ ነው።

ከሌላ ቦታ ቡና ጋር ያልተደባለቀ ቡና በንግዱ ዓለም ሲንግል ኦሪጂን ይባላል። ይርጋጨፌ በዚህ ረገድ ብዙ ዓመት ተበድሏል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናውን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ ስለሚያገበያይ፣ የአንዱ ማጠቢያ ጣቢያ ቡና ከሌላው ጋር ይቀላቀል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ የቡና ግብይት ማሻሻያ ወዲህ ግን ቡናው የመጣበትን ጣቢያ ማወቅ ቀላል ሆኗል። ስትገዙ የጣቢያው ወይም የቀበሌው ስም ከተጻፈበት፣ እሱን ምረጡ።

ዋናውን ልዩነት የሚያመጣው ግን አዘገጃጀቱ ነው። ለታጠበ ቡና ቀይ እሸቱ በተለቀመ ዕለት ይፈለፈላል። ፍሬው ላይ የቀረው የሚያሟልጭ ሽፋን በገንዳ ውስጥ ተብላልቶ እስኪላቀቅ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ከዚያ በንጹህ ውሃ ይታጠብና ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶች አልጋውን ከበው የተሰበረውንና የጠቆረውን በእጅ ይለቅማሉ። ለእኔ የይርጋጨፌ ጥራት ግማሹ እዚያ አልጋ ላይ ነው። እንዲህ የተዘጋጀ ቡና ሲጠጣ ቀለል ይላል፤ የአበባና የሎሚ ሽታ አለው። ያልታጠበው ደግሞ ከነሥጋው ስለሚደርቅ ጣፋጭና ወፍራም ነው፤ እንጆሪ እንጆሪ ይላል።

ይህን ሁሉ ድካም ምጣድ ላይ ማሳረር ያሳዝናል። ቡናው ጠቁሮ ዘይት ካወጣ የአበባው ሽታ ይጠፋል፤ የየትም አገር ቡና ይሆናል። መንጣጣት ጀምሮ ጋብ ሲል፣ መልኩ ቡናማ እንደሆነ አውጡት። ቶሎ እንዲበርድም ሰፌድ ላይ በትኑት።

በወረቀት ማጥለያ ለሚያፈላ 15 ግራም ቡና ለ250 ግራም ውሃ ይበቃል። አፈጫጩ መካከለኛ ይሁን። መጀመሪያ ቡናውን በትንሽ ውሃ አርሶ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ አረፋ እያወጣ ካበጠ በቅርብ የተቆላ ቡና ነው። ቀሪውን ቀስ እያሉ በዙሪያው ማፍሰስ። በጠቅላላው 3 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ቡናው ከጎመዘዘ ውሃው ቶሎ አልፏል፤ አድቅቃችሁ ፍጩት። ከመረረ ደግሞ አፈጫጩን ሻከር አድርጉት።

የውጭ መመሪያዎች ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ ይብረድ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህ አይሠራም። በከተማዋ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ፣ እንደፈላ ማፍሰስ ነው።

ጀበናም ለይርጋጨፌ ይሆናል፣ ግን እሳቱ ይቀንስ። ውሃው ሲፈላ የተወቀጠውን ጨምሩ፤ ሊገነፍል ሲል አውርዱት። ማቶት ላይ ዘንበል አድርጋችሁ አተላው እስኪወርድ ጠብቁ። ሽታው ሙሉ የሚሆነው አቦሉ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ስኒ ያለ ስኳር ቅመሱት፤ ስኳሩ ለቶናው ይድረስ።