ቤክላይት፦ ኮላም ፕላስቲክም የሆነው ሙጫ

ቤክላይት ፌኖልና ፎርማልዲሃይድ ከሚባሉ ሁለት ኬሚካሎች የሚሠራ ሙጫ ነው። ከላይ እስከ ታች ሰው ሠራሽ የሆነ የመጀመሪያው ፕላስቲክም እሱ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሴሉሎይድ የሚባል ፕላስቲክ መነሻው የዕፅዋት ሴሉሎስ ነበር። የቤክላይት ፈልሳፊ ቤልጂየም ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ኬሚስት ሊዮ ቤክላንድ ነው። ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ከባዱ ጥቁር ስልክና ያረጀ ሬዲዮ ነው። እኔ ግን ትልቁ ሥራው ኮላው ነው ባይ ነኝ። ሬዲዮዎቹ ሙዚየም ገብተዋል። ኮላው ግን ዛሬም በየአናጺ ቤቱ አለ፤ በየመኪናው ፍሬን ውስጥም አለ።

ቤክላንድ በ1863 በጌንት ከተማ ተወለደ (እዚህ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ጫማ ሰፊ፣ እናቱ የቤት ሠራተኛ ነበሩ። እሱ ግን ገና በ21 ዓመቱ ከጌንት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ጫነ። በ1889 የፕሮፌሰሩን ልጅ አግብቶ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ሀብት ያገኘው ከፎቶግራፍ ነው። ቬሎክስ የተባለ፣ ፀሐይ ሳይጠብቅ በመብራት ብርሃን የሚታተም የፎቶ ወረቀት ሠራ። በ1899 ኩባንያውን የኮዳክ መሥራች ለሆነው ለጆርጅ ኢስትማን ሸጠው። ከዚያ በኋላ አለቃ አልነበረውም። ከኒውዮርክ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ዮንከርስ፣ መኖሪያ ግቢው ውስጥ ላቦራቶሪ አቋቁሞ ደስ ያለውን ይመራመር ጀመር።

ሲጀምር ፕላስቲክ እሠራለሁ ብሎ አልተነሳም። የፈለገው የሼላክን ምትክ ነበር። ሼላክ በህንድና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፎች ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ነው። የእንጨት ዕቃ ይወለወልበታል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሸፈንበታል፣ የዘፈን ሸክላም ይሠራበት ነበር። ኤሌክትሪክ በየከተማው ሲገባ ፈላጊው በዛ። ነፍሳቱ ደግሞ ፋብሪካ አይደሉም፣ ፍጠኑ ቢባሉ አይፈጥኑም።

ፌኖልና ፎርማልዲሃይድ ሲገናኙ ሙጫ ነገር እንደሚወጣቸው ኬሚስቶች ያውቁ ነበር። ጀርመናዊው አዶልፍ ፎን ባየር በ1872 ስለዚህ ዓይነቱ ውህደት ጽፏል። ችግሩ የሚወጣው ነገር ነበር። ከመስታወቱ ዕቃ ላይ ተጣብቆ አይለቅም። በምንም ፈሳሽ አይሟሟም። ሲሞቅ ደግሞ ጋዝና እንፋሎት እያመነጨ ይነፋና ቀዳዳ ብቻ ይሆናል። ከባየር በኋላ የመጡትም ሙቀቱን ቀነስ አድርገው ውህደቱን ለማብረድ ሞከሩ። እንዲህ ሲሆን ሥራው ይንቀራፈፋል፤ የወጣውም ነገር ለገበያ የሚበቃ አይሆንም።

ቤክላንድ የሄደው በተቃራኒው ነው። በሰኔ 1907 እንጨት ሊያጠነክር ብሎ ሁለቱን ኬሚካሎች እንጨት ውስጥ አሰረገና በታሸገ ቱቦ ከ140 እስከ 150 ዲግሪ አሞቀው። እንጨቱ ያሰበውን ያህል አልጠነከረም። ከእንጨቱ ወጥቶ ቱቦው ውስጥ የደረቀው ሙጫ ግን ድንጋይ ሆኗል። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ያገኛቸውን ነገሮች በፊደል ለያያቸው። የመጨረሻውን በምንም የማይሟሟ፣ በሙቀትም የማይለሰልስ ብሎ መዘገበውና በራሱ ስም ሰየመው። ሌሎቹ አልቻልነውም ብለው የጣሉት ጠባይ ለእሱ ዋናው ዕቃ ሆነ። መነፋቱን ያስቀረው በግፊት ነው። ሙጫው በተዘጋ ብረት ውስጥ በግፊት ሲሞቅ ጋዙ አረፋ መሥራት አይችልም። ለዚህ የተሠራው እንደ ትልቅ ድስት ያለ የእንፋሎት ማሽን ቤክላይዘር ተባለ። አንደኛው ዛሬ አሜሪካ በስሚዝሶንያን ሙዚየም ይገኛል።

የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻውን ሐምሌ 13 ቀን 1907 አስገባ። ፓተንቱ ታኅሣሥ 7 ቀን 1909 ጸደቀለት፤ ቁጥሩ 942,699 ነው። ኬሚካሎቹ የታወቁ ስለነበሩ እነሱን የእኔ ናቸው ሊል አይችልም። የእሱ የሆነው አሠራሩ ነው፦ ሙቀትና ግፊት። እንግሊዝ አገር ጄምስ ስዊንበርን የሚባል መሐንዲስ በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ ነበር። ፓተንት ሊያወጣ ሲሄድ ግን ቤክላንድ በአንድ ቀን ቀድሞታል። የሚያናድድ ነው! ሆኖም ሁለቱ ኋላ ላይ ተስማሙና ስዊንበርን የእንግሊዙ ቤክላይት ኩባንያ ሊቀ መንበር ሆነ።

ነገሩ ኮላም ፕላስቲክም የመሆኑ ምስጢር በሦስት ደረጃ መድረቁ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ፈሳሽ ወይም በቀላሉ የሚቀልጥ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል። በዚህ ጊዜ ይቀባል፣ ወረቀትና ጨርቅ ይነከርበታል፣ እንጨት ውስጥ ይሰርጋል። በሁለተኛው ይጠጥራል፤ ሲሞቅ ግን ገና ይለሰልሳል። በሦስተኛው አለቀ። የተቀቀለ እንቁላል ወደ ፈሳሽነቱ እንደማይመለስ ሁሉ እሱም አይመለስም። ስለዚህ የሚቀባው ሰው ኮላ ነው የሚያየው፤ መጭመቂያ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ፕላስቲክ።

በመጭመቂያው በኩል ሥራው እንዲህ ነው። የጠጠረው ሙጫ ይፈጭና ከእንጨት ዱቄት ጋር ይደባለቃል። የእንጨት ዱቄቱ ስብራት ይቀንሳል፣ ወጪውንም ያቀላል። ዱቄቱ በጋለ የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገባል፣ ከላይ ይጫናል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያለቀለት ዕቃ ይወጣል፤ ጠርዙ ላይ የተረፈችውን ቀጭን ልጣጭ መሞረድ ብቻ ነው የሚቀረው። እንጨት ጠራቢ ቀኑን ሙሉ የሚደክምበትን ክብ ጥግ ማሽኑ ይጨርሰዋል። የ1930ዎቹ ሬዲዮኖች ጥጋቸው የተድቦለቦለው በከፊል ለዚህ ነው። ክብ ጥግ ከማውጫው በቀላሉ ይላቀቃል። ቀለሙ ጥቁርና ቡናማ የሆነው ደግሞ ሙጫው በራሱ ስለሚጠቁርና የእንጨት ዱቄቱም ስላለበት ነው።

ጄኔራል ቤክላይት ኩባንያ በ1910 ተቋቋመ። ጀርመን አገር ኤርክነር ላይም በዚያው ዓመት ፋብሪካ ተጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ሙጫ የሚሸጡ ኮንደንሳይትና ሬድማኖል የሚባሉ ተፎካካሪዎች ነበሩ። ፍርድ ቤት ተካሰሱ፤ ቤክላንድ ረታ። ከዚያም በ1922 ሦስቱ ተዋሕደው አንድ ኩባንያ ሆኑ። የመጀመሪያዎቹ ፓተንቶች ጊዜያቸው ሲያልፍ ሌሎችም ገቡበት፤ በዚያ ማግስት ካታሊን የተባለው ደማቅ ባለ ቀለም ዘመድ መጣ። ድርጅቱ በ1939 ዩኒየን ካርባይድ በሚባል የኬሚካል ኩባንያ ተጠቀለለ። ቤክላንድ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1944 ሞተ።

አሁን ወደ ኮላው። ውኃ የሚችል ኮምፔርሳቶ ጠርዙን ብታዩት በስስ እንጨቶቹ መካከል ጥቁር ቡናማ መስመር አለ። እሱ የፌኖል ሙጫ ነው። ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚቀቀለው የድሮ ኮላ ዝናብ ሲነካው ይለቃል። ይህኛው ቢቀቀልም አይለቅም። በ1930ዎቹ ውኃ የማይበግረው ኮምፔርሳቶ ገበያ የወጣው በዚህ ነው። ፎርማይካም የዚሁ ልጅ ነው። በ1912 አሜሪካ ውስጥ ሁለት መሐንዲሶች በቤክላይት የተነከረ ንብርብር ሠርተው ለኤሌክትሪክ መከለያ አቀረቡት፤ ቆይቶ የጠረጴዛ ገጽ መሸፈኛ ሆነ። የተሰበረ ፎርማይካ ስታዩ ከሥር ቡናማ ሆኖ የሚታየው በፌኖል ሙጫ የተነከረው ወረቀት ነው። የፍሬን ሸራ ዱቄቱን አንድ ላይ የሚይዘው ይኸው ሙጫ ነው፤ ብዙ ብርጭቆ ወረቀት ላይም አሸዋውን የያዘው እሱ ነው።

ከብረት ጋር ግን ብቻውን አይስማማም ነበር። ሲደርቅ ደርቆ ይቀራል፣ በትንሽ ምት ይሰነጠቃል። ይህን የፈታው እንግሊዝ አገር ዳክስፎርድ ላይ የሚሠራው ኖርማን ደ ብሩይን ነው። በ1941 የፌኖል ሙጫውን ፖሊቪኒል ፎርማል ከሚባል የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ጋር አዋደደው። ብረቱ ላይ ፈሳሹ ይቀባል፣ ከላይ ዱቄቱ ይነሰነሳል፣ ከዚያ በሙቀትና በግፊት ይያዛል። ሪዳክስ ተባለ። ደ ሃቪላንድ ሆርኔት የተባለው የጦር አውሮፕላን አካሉ በከፊል በእሱ ነው የተጣበቀው። ብረትን በኮላ አጣብቆ ሰማይ ላይ መውጣት ያኔ ድፍረት ይጠይቃል።

ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ የተሠራችው ትራባንት መኪናም የውጭ ሽፋኗ የጥጥ ተረፈ ምርት በፌኖል ሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ነው። ብረት ሲጠፋ ጥጥ ተገኘ። ከ3 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ሽፋኗ አይዝግም፤ ስታረጅ ግን መጣያዋ ያስቸግራል። ሙጫው ተመልሶ ስለማይቀልጥ ተፈጭቶ ለሌላ ዕቃ መሙያ ከመሆን ያለፈ ብዙ ጥቅም የለውም።

ሌሎችም እንከኖች አሉት። ድሮ ሙቀት እንዲችል ተብሎ አስቤስቶስ የተደባለቀበት ቤክላይት ነበረ። ስለዚህ የማይታወቅ አሮጌ ዕቃ መሞረድና መብሳት አይመከርም። ፎርማልዲሃይድም ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ ተመዝግቧል። በደንብ የደረቀ የፌኖል ሙጫ የሚለቀው ጥቂት ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚውለው፣ ከዩሪያና ከፎርማልዲሃይድ የሚሠራው ርካሽ ኮላ የበለጠ ይለቃል። አደጋው ከሁሉ በላይ የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ እንፋሎቱን የሚተነፍሰውን ሠራተኛ ነው።

የድስት እጀታና የአምፖል መያዣ አሁንም ከእሱ ይሠራሉ። ሙቀት መቻሉ ከዚያም በላይ ወስዶታል። ናሳ በፌኖል ሙጫ የተነከረ የካርቦን ክር ለመንኮራኩር የሙቀት መከላከያ ያደርገዋል። ከጅራታም ኮከብ ብናኝ ይዛ በጥር 2006 ወደ ምድር የተመለሰችው የስታርደስት ካፕሱል የለበሰችው ይህንኑ ነበር። ከባቢ አየር ውስጥ የገባችው በሰከንድ 12.9 ኪሎ ሜትር እየበረረች ነው፤ መከላከያው ላዩ እየከሰለ ውስጧን አተረፈ።