አንድ ዓይኑን ያጣ ፈረስ፦ ሰው የሚለውና እውነታው

በጎጃም ደጋ ፈረስ ከቤተሰብ ይቆጠራል። በአዊ በኩል ያርሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ያደርሳል። ከተማ ገብቶ ጋሪ የሚጎትተው ደግሞ የስንት ቤት እንጀራ ነው። ይህ ፈረስ አንድ ቀን አንድ ዓይኑን ያጣል። የአጋም እሾህ ይወጋዋል፣ የበሬ ቀንድ ያገኘዋል፣ አለንጋ ስቶ ያርፍበታል፣ ወይም ሳይታከም የቆየ ሕመም ያጠፋበታል። ከዚያ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አብዛኛው ከቅንነት የመጣ ነው። ችግሩ፣ ፈረሱን ከዓይኑ መጥፋት ይልቅ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ይኸው ምክር መሆኑ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«አበቃለት፤ ልቀቀው»

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የፈረስ ዓይኖች የተቀመጡት በራሱ ግራና ቀኝ ነው። ሁለቱ ተደምረው ወደ 350 ዲግሪ የሚጠጋ ዙሪያ ያያሉ። ስለዚህ አንዱ ሲጠፋ የሚቀርበት ነገር ብዙ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ዓለም ይጨልምበታል። ግን የቀረው አንድ ዓይን ብቻውን የሚያየው ስፋት፣ እኛ በሁለት ዓይናችን ከምናየው ብዙም አያንስም።

የቀረውን ጆሮው ይሞላል። በታወረው በኩል ያለውን ጆሮ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ወደዚያው ዞሮ ያዳምጣል። ሽታም ይረዳዋል። በአፍንጫውና በዓይኑ ዙሪያ ያሉት ረጃጅም ፀጉሮች ግንድና ግድግዳ ከመንካቱ በፊት ያስጠነቅቁታል። እነሱን ለውበት ብላችሁ አትቁረጡበት።

አብዛኛው ፈረስ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይለምዳል። እይታው ቀስ በቀስ የደከመ ፈረስ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ ይቀለዋል። በአንድ ቀን አደጋ ያጣው ግን መጀመሪያ ላይ ይደናገጣል፣ ይጋጫል፣ ይበረግጋል። በዚያ ሰሞን አይቶት «ይህማ አይሆንም» ብሎ የሚፈርድ ሰው ቸኩሏል። ከተማ ዳር የተለቀቀ አንድ ዓይና ፈረስ የሚጠብቀው መኪናና ጅብ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ላገለገለ እንስሳ ይህ አይገባውም።

«ዐመለኛ ሆኗል፤ አለንጋ ያስተካክለዋል»

ትናንት የዋህ የነበረ ፈረስ ዛሬ ይደነብራል። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጠምዝዞ ይሄዳል። ሲነካ ይዘላል፣ አንዳንዴም ይራገጣል። ሰውም ከፋ ይላል።

አልከፋም። አንገቱን የሚጠመዝዘው ባልታመመው ዓይኑ የታወረውን በኩል ለማየት ነው። የሚዘለውም እጃችሁን ሳያይ ስለነካችሁት ነው። በጨለማ ቤት ተኝታችሁ ሰው ሳይናገር ትከሻችሁን ቢይዛችሁ እናንተስ ምን ትሆናላችሁ? በዚህ ላይ አለንጋ ሲጨመር ፈረሱ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከጨለማው በኩል የሚመጣው ሁሉ ሕመም ነው። ያኔ እውነተኛ ዐመል ይጀምራል፣ ጥፋቱ ግን የእኛ ነው።

መፍትሔው ድምፅ ነው። ከመቅረባችሁ በፊት ተናገሩ። «ና ዳማ፣ እኔ ነኝ» በቂ ነው። ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ልጆቹም፣ ጎረቤቱም፣ ባለጋሪውም ያንኑ ይበሉ። ጆሮው ወደ እናንተ ሲዞር ሰምቷል ማለት ነው። ከዚያ መጀመሪያ ትከሻውን ንኩ፣ እጃችሁን ሳታነሱ ወደምትፈልጉበት ሂዱ። ከኋላ በዝምታ አትምጡበት። ገመዱም አንገቱን እንዲያዞር የሚፈቅድ ርዝመት ይኑረው። አሳጥሮ ማሰር የቀረውን እይታ መንሳት ነው።

«በታወረው በኩል ፈጽሞ አትቅረቡ»

ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። ዓይኑን ባጣባቸው የመጀመሪያ ቀናት ሲመራ በሚያየው በኩል መሆን ይሻላል፤ አለበለዚያ ሳያይ ሊረግጠን ይችላል። ግን ሁልጊዜ ከሸሸነው ያ ጎን እንደ ፈራው ይቀራል። ሲረጋጋ፣ እየተናገራችሁ በሁለቱም በኩል አብሱት፣ አጽዱት፣ ምሩት። እኛ ደግሞ ፈረስ የምንወጣው በግራ ነው። የጠፋው ግራ ዓይኑ ከሆነ ሁለት ምርጫ አለ፦ በድምፅና በመዳሰስ እያስጠነቀቁ በግራ መውጣት፣ ወይም በቀኝ እንዲወጡበት ቀስ ብሎ ማስለመድ። ሁለቱም ይሠራሉ።

«በአንድ ዓይን ርቀት ስለማይለይ አይጋለብም»

ፈረስ በሁለቱም ዓይን በአንድ ላይ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ጠባብ ክፍል ነው። ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ያህል ቢሆን ነው። የቀረውን ዙሪያ ድሮም በአንድ በአንድ ዓይን ነው የሚያየው። ርቀትን በነገሩ መጠን፣ በጥላውና ሲንቀሳቀስ በሚለወጠው ቦታ መገመት ይችላል። ራሱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ የምታዩት ርቀቱን እየለካ ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ፦ አድቬንቸር ደ ካናን የተባለ ዝላይ ፈረስ አንድ ዓይኑን ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 እንግሊዝ አገር የሂክስቴድ ደርቢ የተባለውን የዝላይ ውድድር አሸንፏል። ፖላርድስ ቪዥን የተባለው አንድ ዓይና የእሽቅድምድም ፈረስም እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የኢሊኖይ ደርቢን ወስዷል። የእኛ ፈረስ የሚጠየቀው ገበያ ማድረስና መመለስ ነው።

እርግጥ በአንዴ አይሆንም። ቁስሉ ይዳን። መጀመሪያ በሚያውቀው መንገድ በእርምጃ ይሂድ። ሲዞር በሚያየው በኩል ሰፋ ያለ ክብ ይጀምር፣ ሲለምድ ወደ ጨለማው በኩል ይዙር። ወንዝ፣ ድልድይና ገደላገደል ያለበት ቦታ በመጨረሻ ይምጣ። ጋላቢውም ተረጋግቶ ይቀመጥ፤ ልጓም ጨምድዶ የሚይዝ ሰው ፍርሃቱን ለፈረሱ ያስተላልፋል።

ስለ ጋሪ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ ነው የሚሄደው፤ የሚቀድመው መኪናና ባጃጅ የሚመጣው በግራ ነው። ስለዚህ ግራ ዓይኑን ያጣ የጋሪ ፈረስ ቀኝ ዓይኑን ካጣው ይልቅ አስፋልት ላይ ይቸገራል። የሚቻል ከሆነ ወደ እርሻ ወይም ጸጥ ወዳለ የገጠር መንገድ ይዛወር። ለጥማድ ሲሆን የሚያውቀውን ጓደኛውን በታወረው በኩል ማጣመድ ጥሩ ነው፤ በትከሻው እየነካ ይመራዋል።

«ጨው፣ የታኘከ ቅጠል ወይም የቤት ቅባት ያድነዋል»

የተጎዳ ዓይን ላይ ጨው መነስነስ፣ ቅጠል አኝኮ መትፋት፣ ዙሪያውን በጋለ ብረት መተኮስ ሊድን የነበረን ዓይን ያጠፋል። ቤት የተረፈ የሰው ዓይን ቅባትም አደጋ አለው። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለበት መድኃኒት ቁስል ላይ ከገባ ቁስሉን ያባብሳል፣ ዓይኑ እስከ መፍሰስ ሊደርስ ይችላል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ አጥቡት፣ ጥላ ውስጥ አቁሙት፣ ያንኑ ቀን የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የዓይን ነገር ለነገ አይባልም።

«የሞተ ዓይን ማውጣት ጭካኔ ነው»

ላይ ላዩን ሲታይ እንደዚያ ይመስላል። ግን የማያይ ዓይን የማያምም ዓይን አይደለም። ፈረስ ሕመሙን የሚደብቅ እንስሳ ነው። ዓይኑን ከጨፈነ፣ እንባው ካላቋረጠ፣ የላይኛው ሽፋሽፍት ወደ ታች ካዘነበለ፣ ራሱን ማስነካት ካልወደደ እያመመው ነው። እንዲህ ያለው ዓይን ሲወጣ ብዙ ፈረሶች መብላትና መንቃት ይጀምራሉ። ሥራውን ሐኪሙ ፈረሱን በማረጋጊያና በማደንዘዣ ቆሞ እያለ ወይም አስተኝቶ ይሠራዋል። ከዚያ ሽፋኖቹ ይሰፋሉ፤ ክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) በቀላሉ የሚጠቃ ስለሆነ የመከላከያ ክትባቱን ነገር ሐኪሙን ጠይቁ።

«አንዱ ደኅና ነው፤ ስለሱ አታስብ»

ማሰብ ያለብንማ አሁን ስለሱ ነው! ያ ዓይን ከሄደ ሁሉም ሄደ። አንዳንዱ ሕመም፣ በተለይ እየተመላለሰ የዓይንን ውስጥ የሚያስቆጣው፣ ሁለተኛውንም ዓይን ይይዛል። ስለዚህ በየጠዋቱ እዩት። እንባ፣ መቅላት፣ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ነገር ወይም ብርሃን መሸሽ ካለ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ጋጣውን በእሱ ዓይን ከፍታ ዙሩበት። የወጣ ሚስማር፣ የሾለ እንጨት፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ አስወግዱ። በውቂያ ሰሞን አውድማ ላይ ባይገባ ይመረጣል፤ ገለባውና አቧራው ለዓይን ክፉ ነው። ፍግ በየቀኑ ከወጣ ዝንብ ይቀንሳል። ከዓይኑ ጎን የሚንጠለጠል የቆዳ መከለያ ያለው ልጓም ከሆነ ደግሞ በሚያየው በኩል ያለውን አውልቁለት። ውሃውንና መኖውን በየጊዜው ቦታ አትቀያይሩ።

«ሌሎቹ ስለሚረግጡት ለብቻው ይታሰር»

ብቸኝነት ፈረስን ያስፈራዋል፤ አንድ ዓይናውን ደግሞ የበለጠ። የሚስማማው አንድ የዋህ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ለጓደኛው ቃጭል ብታስሩለት የት እንዳለ በድምፅ ያውቃል። ለብቻው መሆን ያለበት ሲበላ ነው፤ ገብስ ሲሰጥ ጉልበተኛው በማያየው በኩል መጥቶ ይነክሰዋል።

«ዓይን በላው፤ ገደ ቢስ ነው»

ያማረ ፈረስ የሰው ዓይን ያርፍበታል ብለው የሚያምኑ አሉ፤ አላሾፍባቸውም። ነገር ግን ምክንያቱ ይኸው ነው ተብሎ ሲታለፍ እሾሁ አጥር ላይ፣ ሚስማሩም ግድግዳው ላይ ይቀራል። ነገ ሌላውን ፈረስ ይወጋል። ገድን በተመለከተ፣ ቤት ላይ መዓት ያመጣ አንድ ዓይና ፈረስ አላየሁም።

«ባዝራዋ አንድ ዓይና ትወልዳለች»

በአደጋ የጠፋ ዓይን አይወረስም። አለቀ። ውርንጭላዋ በታወረው በኩል ሲቆም እንዳትረግጠው ብቻ ሰፊ ቦታ ስጧት።

«ጥር 23 ላይ መታየት የለበትም»

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 በጊዮርጊስ ቀን ያከብራል። አንድ ዓይና ፈረስ ያለው ሰው ያፍራል። ለምን ያፍራል? የለመደና የረጋ ከሆነ አስጊጣችሁ በሰልፉ አውጡት። በሰልፉ ጠርዝ ይሁን፤ የሚያውቀው ፈረስ በታወረው በኩል፣ የሚያየው ዓይን ወደ ውጭ። ጉግስ ግን አይግባ። በትር በሚወረወርበት ሜዳ የቀረችውን አንዲት ዓይን በማስያዝ አልስማማም።

«ገበያ ላይ መናገር ዋጋ ያበላሻል»

ሊቀንስ ይችላል፣ አዎ። ግን ያልተነገረው ገዢ በመጀመሪያው ቀን በታወረው በኩል በዝምታ ይቀርባል፣ ይረገጣል፣ ከዚያ ፈረሱን ይደበድባል። የትኛው ዓይን እንደጠፋ፣ በምን ምክንያት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው በኩል እንደሚወጡበት፣ ምን ብለው እንደሚጠሩት ንገሩት። የሚጠራበትን ቃል ፈረሱ ፊት ሁለት ሦስቴ ይበለው፤ ጆሮው ሲዞርለት ገመዱን አስረክቡ።