የእንቅፋት ክትባት ምንድን ነው? ከዓመታት ልምድ በኋላ ሥራ ለሚፈልጉ

ብዙ ዓመት ሠርቶ እንደገና ሥራ ፍለጋ የወጣ ሰው «አይዞህ» የሚለው አያጣም። «ይሄን ሁሉ ልምድ ይዘህ ማን ይተውሃል?» ይሉታል። እሱም ያምናል። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ያመለክታል፣ ስልክ ይደውላል፣ ሲቪውን ያሳምራል። ከዚያ አንዱ ቀጣሪ ሦስት ዙር ቃለ መጠይቅ አስፈትኖት ዝም ጭጭ ይላል። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩን መክፈት ያስጠላዋል። አንድ ሳምንት ያልፋል፣ ሌላ ይከተላል። ከውጭ ለሚያየው ስንፍና ይመስላል። እኔ ግን ቅስሙ የተሰበረው ባልጠበቀው ሰዓት ስለተመታ ነው እላለሁ።

የእንቅፋት ክትባት የሚባለው ዘዴ ለእንዲህ ያለው ቀን የተሠራ ነው። በፍለጋው መሀል ሊገጥም የሚችለውን ክፉ ነገር አስቀድሞ በስሙ መጥራት፣ ያኔ ምን እንደሚሰማን መገመት፣ ምን እንደምናደርግ መወሰን፣ ከዚያም መለማመድ ነው። ይህ ሁሉ የሚደረገው ነገሩ ከመድረሱ በፊት ነው።

ስሙ ከሕክምና የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዊልያም ማክጓየር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የክትባትን አሠራር ወደ ሰው አስተሳሰብ አመጣው። ደካማ የተቃውሞ ክርክር ቀድሞ የሰማና መልስ የሰጠ ሰው፣ በኋላ ብርቱ ክርክር ሲመጣበት በቀላሉ አይረታም አለ። በ1970ዎቹ ዶናልድ ማይክንባም ሰዎች ጭንቀትን እንዲቋቋሙ ለማሠልጠን ተጠቀመበት። ሥራ ፈላጊው ዘንድ የደረሰው ደግሞ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኩል ነው።

የሚሺጋኖቹን ጥናት ጠጋ ብለን እንየው። ሮበርት ካፕላን፣ አሚራም ቪኖኩር፣ ሪቻርድ ፕራይስና ባልደረባቸው በቅርቡ ሥራ ያጡ 928 ሰዎችን ይዘው በዕጣ መደቧቸው። አንደኛው ወገን የቡድን ሥልጠና ወሰደ። ለሌላው የሥራ ፍለጋ ምክር የያዘ ትንሽ መጽሐፍ ብቻ ተሰጠው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ታተመ። ከሠለጠኑት መካከል ሥራ ያገኙት በደሞዝም በሥራ እርካታም የተሻለ ቦታ ገብተዋል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የቀሩት ናቸው። ሠልጥነው ገና ሥራ ያላገኙት ሰዎች ካልሠለጠኑት ይልቅ የመፈለግ ወኔ ነበራቸው። ሁለቱም ወገን ሥራ አላገኘም፤ አንደኛው ግን እጅ አልሰጠም።

ፕሮግራሙ «ጆብስ» ይባላል። በኋላ 1,801 ሰዎች በተካፈሉበት ሁለተኛ ጥናት ተሞክሮ፣ ይበልጥ የጠቀመው ለድባቴ ተጋላጭ የሆኑትን መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል። ፊንላንድም ወስዳ ለራሷ እንዲመች አድርጋ ተጠቅማበታለች። በሥልጠናው ውስጥ አሠልጣኙ ፊት ለፊት ቆሞ ሌክቸር አይሰጥም። ተሳታፊዎቹ እንቅፋቶቹን ራሳቸው ያወጣሉ፣ መፍትሔውንም ራሳቸው ያመጣሉ፣ እየተወኑ ይለማመዱታል።

አሁን ወደ ባለ ልምዱ እንመለስ። ገና ተመርቆ የወጣ ልጅ የሚፈራው «ልምድ የለህም» መባልን ነው። ባለ ልምዱን የሚጠብቁት ምቶች ሌላ ዓይነት ናቸው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ክፍት ቦታው ያንሳል፣ ቅጥሩም ይንዛዛል። ጠያቂው በዕድሜ ታናሽ ሊሆን ይችላል። ድሮ በእኛ ሥር ይሠራ የነበረ ሰው ጋ ደውለን «እስቲ ጠቁመኝ» ማለት ሊኖርብን ነው። ይህ የመጨረሻው ለብዙ ሰው ከእምቢታው ከራሱ ይብሳል። ግን ሲቪ ሲያሳምር የዋለ ሰው ስለዚህ ስልክ አንድ ደቂቃ አስቦ አያውቅም።

አንዱን ወስደን እንሞክረው። ቃለ መጠይቁ ጥሩ እየሄደ ነው እንበል። በመሀል ጠያቂው ፋይሉን ገለጥ ገለጥ ያደርግና «ይሄ ቦታ ለእርስዎ አያንስም?» ይላል። ያልተዘጋጀ ሰው ወይ ይቆጣል ወይ ይለማመጣል። «ግድ የለም፣ ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» ያለ ዕለት ደግሞ አለቀለት። የተዘጋጀው ግን ጥያቄው እንደሚመጣ ያውቃል። ጆሮው እንደሚግል፣ ድምፁ ሊሻክር እንደሚችል ጭምር ያውቃል። መልሱም አፉ ላይ ነው፦ «ቡድን ስመራ ቆይቻለሁ። አሁን የምፈልገው ሥራውን ራሱን መሥራት ነው። ማስታወቂያችሁን ሳነብ ያመለከትኩትም ለዚህ ነው።» ሦስት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። እውነት መሆን ግን አለበት፤ ያላመኑበት መልስ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይፈርሳል።

ይህን መልስ በልብ ማሰብ አይበቃም። ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል፣ ቢቻል ሰው ፊት። በልባችን ያማረው መልስ ከአፋችን ሲወጣ ይንዛዛል፣ አንዳንዴም ምሬት ምሬት ይላል። ምሬቱን የሚሰማልን ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

ሌላው የቀጣሪው ዝምታ ነው። እዚህ ላይ «ተስፋ አልቆርጥም» ብሎ መፎከር የትም አያደርስም። ዕቅዱ ቀንና ድርጊት ይኑረው፦ «እንነግርሃለን ያሉኝ ቀን ካለፈ በአምስተኛው የሥራ ቀን አንድ አጭር መልዕክት እልካለሁ። በዚያው ቀን ከሰዓት ሌላ ማመልከቻ እጀምራለሁ።» ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ዓይነት ውሳኔዎችን ሲያጠና ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር 94 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲገመግሙ፣ እንዲህ ያለ ውሳኔ ያሰቡትን ከግብ ለማድረስ በደንብ እንደሚያግዝ አግኝተዋል። ምክንያቱም ውሳኔው ያለቀው አእምሮ በተረጋጋበት ሰዓት ነው። በተናደዱበት ቀን ከራስ ጋር መሟገት አይኖርም።

«ይሄማ ሟርት ነው» የሚል አይጠፋም። ልዩነቱ ቀላል ነው። ሟርተኛው «አይቀጥሩኝም» ብሎ ያቆማል። ይኸኛው ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሳል፦ «ካልቀጠሩኝ ማክሰኞ ይህን አደርጋለሁ።» ከክፉው ነገር በኋላ ድርጊት ካልተጻፈ ግን እውነትም ጭንቀት መቀፍቀፍ ብቻ ነው የሚሆነው። ሃያ እንቅፋት መደርደርም አይረባም፤ በጣም የሚያሰጉንን ሁለት ሦስት መምረጥ ይሻላል።

ዘዴው ብቻውን ግን ሥራ አያስገኝም። ሶንግቺ ሊዩና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 የሥራ ፍለጋ ሥልጠናዎች ላይ የተደረጉ 47 ጥናቶችን ገምግመው ነበር። የሠሩት ሥልጠናዎች ችሎታንም ወኔንም አንድ ላይ የያዙት ናቸው። ደካማ ሲቪ ይዞ ቢከተቡ ለውጥ የለውም። እዚያው ጥናት ላይ ለእኛ የማይጥም ነገርም አለ፦ ሥልጠናዎቹ ለወጣቶችና በዕድሜ ለገፉት የጠቀሙትን ያህል መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉትን አልጠቀሙም። የእኔ ግምት፣ ብዙ ሥልጠና የሚያስተምረው ይህ ሰው የሚያውቀውን ነገር ነው። ማመልከቻ አጻጻፍ አይጎድለውም። የቀድሞ ሠራተኛው ጋ ሲደውል ምን እንደሚል ነው የሚጎድለው።

ስለዚህ ልምምዱን ከዚያ ስልክ መጀመር ይሻላል። የትዳር ጓደኛ ለዚህ ሁሌ አይመችም። ቤቱ በዚሁ ጉዳይ ተጨንቋል፤ እንደ ቀጣሪ ጨክኖ መጠየቅም ይከብደዋል። የሚሻለው በዚያው ሙያ ያለ፣ እሱም ሥራ እየፈለገ ያለ ሰው ነው። ግማሽ ሰዓት አንዱ ይጠይቃል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። የስልኩ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሥራ እየፈለግሁ ነው፤ ቅጠረኝ ልልህ አይደለም የደወልኩት፣ እናንተ ጋ ስላለው ሁኔታ አሥር ደቂቃ እንድታጫውተኝ ነው።»