ከሆራው ውሃ እስከ ሳሙናው፦ የስምጥ ሸለቆ ሶዳ ሐይቆች ጥቃቅን ነዋሪዎች

ጭቱ ሐይቅ ዳር ቁጢጥ ብሎ እጁን የነከረ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው የውሃው ልስላሴ ነው። ጣትና ጣትን ሲያፋትጉት ሳሙና የተቀባ ያህል ያሟልጫል። የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው፣ 10 አካባቢ ነው። ንጹሕ ውሃ 7 ነው። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ሲጨምር አልካሊነቱ አሥር እጥፍ ያድጋል፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሺህ እጥፍ ነው።

እንዲህ ዓይነት ውሃ ምንም ነገር የማይኖርበት ይመስላል። ጭቱ ግን ድፍን አረንጓዴ ነው፤ ዳር ዳሩን ፍላሚንጎ ይርመሰመስበታል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ የሚገኙት አብያታና ሻላ፣ ከእነሱ አጠገብ ያለው ጭቱ፣ ቢሾፍቱ አካባቢ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ፣ ሁሉም ሶዳ ሐይቆች ይባላሉ። ለማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪዎች እነዚህ ሐይቆች ትልቅ ሀብት ናቸው።

ሶዳው ከየት መጣ? ሐይቆቹ መውጫ ወንዝ የላቸውም። ዙሪያቸው ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሶዲየም በዝቶበት ካልሲየም ያነሰው ነው። ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ካርቦኔቱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር። ስላነሰ ካርቦኔቱ ከሶዲየሙ ጋር ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ሶዳ የምንለው ይኸው ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ፀሐይዋ ውሃውን በየቀኑ ታተነዋለች፤ ሶዳው እዚያው እየተጠራቀመ ይሄዳል።

አረንጓዴውን ቀለም የሚሰጠው አርትሮስፓይራ የሚባል ሳይኖባክቴሪያ፣ ማለትም እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ስፕሪንግ የተጠማዘዘ ክር ነው። ስፒሩሊና ተብሎ በእንክብልና በዱቄት የሚሸጠው የዚሁ ወገን ነው። ፍላሚንጎዎቹ ውሃውን በመንቆራቸው እያጠለሉ የሚበሉት እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ አንድ ጥናት ቢሾፍቱ አካባቢ ያሉትን አረንጓዴንና ኪሎሌን ለክቶ ነበር። ጥያቄው በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ተክል መሰል ነገሮች በብርሃን ምግብ ሲሠሩ ጣሪያቸው የት ድረስ ነው የሚል ነበር። ማስረጃው የተወሰደው ከእነዚህ ሐይቆች ነው። የቢሾፍቱ ሰው በየቀኑ የሚያልፍበት ውሃ በዓለም የምርታማነት ጣሪያ መለኪያ ሆኗል ማለት ነው።

አሁን ወደ ባክቴሪያዎቹ እንግባ። ውጭው ፒኤች 10 ቢሆንም የባክቴሪያው ውስጥ ግን እንደዚያ አይደለም። ሽፋኑ ላይ ያሉ ፕሮቲኖች ሶዲየም ወደ ውጭ እየገፉ ሃይድሮጅን አዮን ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ በዚህ መንገድ ውስጡን ለዘብ አድርገው ይይዙታል። ይህ ጥበቃ ግን የሚሠራው በር ድረስ ነው። ባክቴሪያው ምግቡን ለመፍጨት ኢንዛይም የሚባል ቆራራጭ ፕሮቲን ወደ ውጭ ይለቃል፤ ያ ኢንዛይም በቀጥታ ሶዳ ውሃው ውስጥ ነው የሚወድቀው። እዚያ ካልሠራ ባክቴሪያው ይራባል። ለኢንዱስትሪ የሚፈለገው ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው።

ምክንያቱም ልብስ የምናጥብበት የሳሙና ውሃም ፒኤች 10 አካባቢ ነው። ሽሮ የነካው ነጠላ ላይ ፕሮቲንም ስታርችም አለ። ፕሮቲዬዝ ፕሮቲኑን፣ አሚሌዝ ስታርቹን ይቆራርጣል። ተራ ኢንዛይም ኦሞ የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ቢጨመር ወዲያው ይበላሻል። ከሶዳ ሐይቅ የመጣው ግን ቤቱ የገባ ያህል ነው።

ይህን መስክ ያስጀመረው ኮኪ ሆሪኮሺ የተባለ ጃፓናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ለባክቴሪያ ማሳደጊያ በሚሠራው ምግብ ላይ ሶዲየም ካርቦኔት ጨመረበትና ከአካባቢው የተዘገነ አፈር ነሰነሰበት። በማግስቱ ሲያየው ባክቴሪያ ሞልቶታል። ለካ እነሱ ተራ አፈር ውስጥም ነበሩ፤ የሚስማማቸውን ምግብ ያቀረበላቸው ጠፍቶ ነው።

ዛሬም ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚደረገው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከሐይቁ ዳር ጭቃ ይመጣል። ይቀጠንና የወተት ዱቄትና ሶዳ በተጨመረበት አጋር፣ እንደ ጄሊ በረጋ የባክቴሪያ ማሳደጊያ፣ ላይ ይቀባል። አጋሩ በወተቱ ምክንያት ነጭ ደፍራሳ ነው። አንድ ሁለት ቀን ሞቅ ባለ ቦታ ይቀመጣል። ፕሮቲዬዝ የሚለቅ ባክቴሪያ ካለ በዙሪያው ያለው ወተት ተፈጭቶ ጥርት ያለ ክብ ይወጣል። ሰፊ ክብ ያለው ተለቅሞ ለብቻው ይራባል። ስንትና ስንት ሰሐን ተጥሎ አንድ ጥሩ ክብ ሲገኝ የሚሰማው ደስታ ቀላል አይደለም።

በእኛ አገር በዚህ ላይ ብዙ ከሠሩት አንዱ ተመራማሪው አማረ ገሠሠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ጥናት በተለይ ልቤን ይነካኛል። ኤአር 009 የሚል መለያ የተሰጠውን ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ ያሳደገው በኑግ ፋጉሎ ነው። ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው፣ ለከብት የሚሰጠው ፋጉሎ! ኢንዛይም ለማምረት ባክቴሪያው የሚመገበው ነገር ከወጪው ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ፋጉሎ ደግሞ ፕሮቲን የሞላበት ነው፣ ርካሽ ነው፣ ዘይት መጭመቂያ ባለበት ሁሉ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከዚሁ ባክቴሪያ ሙቀትና አልካሊ የሚችሉ ሁለት ዛይላኔዞች፣ ማለትም እንጨት ውስጥ ያለውን ዛይላን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች፣ አጣርቶ አወጣ። እነዚህ ወረቀት ሲነጣ የሚጨመረውን ክሎሪን ለመቀነስ የሚረዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር በዶሮ ላባ ብቻ የሚያድጉ ሁለት ባክቴሪያዎችን አሳየ። ላባ ኬራቲን የሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ነው፤ በቀላሉ አይበሰብስም። ከሁለቱ አንደኛው፣ ኤኤል 20 የተባለው፣ ፕሮቲዬዙ ያለ ካልሲየም ጸንቶ ይቆማል። ሳሙና ውስጥ ካልሲየም የሚያስሩ ኬሚካሎች ስላሉ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለኢትዮጵያ ከሳሙናም በላይ የሚቀርበው የቆዳው ሥራ ነው። ቆዳ ፋብሪካ አጠገብ ያለፈ ሰው የገማ እንቁላል የሚመስለውን ሽታ ያውቀዋል። ፀጉሩን ለማስለቀቅ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ይጠቀማሉ። ሰልፋይዱ ፀጉሩን ወደ ጭቃ ይለውጠዋል፤ ያ ሁሉ ወደ ፍሳሹ ይገባል። አልካሊ ፕሮቲዬዝ ሲሆን በፀጉሩ ሥር ዙሪያ ያለውን ፕሮቲን ያላላዋል። ፀጉሩ ሳይሟሟ እንዳለ ይነቀላል፣ በወንፊት ይለቀማል። አንድ ጥንቃቄ አለው። ኢንዛይሙ ቆዳው የተሠራበትን ፕሮቲን፣ ኮላጅንን፣ የሚያጠቃ ከሆነ ቆዳው ራሱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ፀጉር ፈቺ ሆኖ ኮላጅን የማይነካ መምረጥ ግድ ነው። ከፋብሪካ የወጣውን ፍሳሽ በባክቴሪያ ማጣራት ላይም ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሰዩም ለታና ባልደረቦቹ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ናይትሮጅን የሚያስወግድ የሙከራ ጣቢያ ውጤት አሳትመዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ከሙከራ አልፎ በየወንዙ ዳር ቢታይ ምኞቴ ነው።

ቫይረሶቹስ? ሰው ሲረሳቸው ይገርመኛል፤ ሶዳ ሐይቅ ውስጥ ከሁሉም የሚበዙት እነሱ ናቸው። ኬንያ ናኩሩ ሐይቅ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ እስከ 7 ቢሊዮን ቫይረስ ቆጥሯል። ሳይኖፌጅ የሚባሉት ቫይረሶች አርትሮስፓይራው ውስጥ ገብተው ተባዙ፣ ክሩን እያፈነዱ ወጡ። አርትሮስፓይራው ተመናመነ፤ ፍላሚንጎዎቹም ምግብ አጥተው ቁጥራቸው አሽቆለቆለ። በዓይን የማይታይ ነገር ሰማዩን ሮዝ ከሚያደርግ መንጋ ጋር የተያያዘው በዚህ መንገድ ነው።

የባለቤትነቱ ጉዳይም አለ። ከኬንያ ሶዳ ሐይቆች በተገኙ ባክቴሪያዎች አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ለጂንስ ማንጣትና ለሳሙና የሚሆን ኢንዛይም ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ድርሻችንስ ብሎ ጥያቄ አነሣ። ጥያቄው ትክክል ነበር እላለሁ። በእኛም አገር ስለ ጄኔቲክ ሀብት አርክቦት፣ ማለትም ሀብቱን ስለ ማግኘትና ስለ መጠቀም፣ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። አንድ ብልቃጥ ጭቃ ይዞ መሄድም ፈቃድ ይጠይቃል።

ጭቃው ራሱ ግን እየጠፋ ነው። አብያታ ጥልቀት የለውም። ውሃው በብዛት የሚመጣለት ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ ነው። ላይኛው ውሃ ለመስኖ ይጠለፋል፤ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ተስቧል። ውሃው ሲሸሽ ጨውነቱ በረታ፣ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ አለቀ። ሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ዓሣ ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ መብረር ግድ ሆነባቸው። በኪሎሌ የደረሰው ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለመስኖ ተብሎ የሞጆ ወንዝ ወደ ሐይቁ ተጠለፈ። ሶዳው ቀጠነ፣ አርትሮስፓይራውም ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1973ቱ ጥናት የተለካው ያ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ውሃ ዛሬ ኪሎሌ ውስጥ የለም። ከእሱ ጋር የሄዱትን ባክቴሪያዎች ወተት ባለው አጋር ላይ ቀብቶ ክባቸውን ለማየት አሁን አይቻልም።