«ጥበቃ» ማለት ዘበኝነት አይደለም፦ ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ትምህርት የሚነገሩ ስህተቶች

ባለፈው መስከረም አንድ አባት ከደንቢያ ተነስተው፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ጎንደር ቢሮዬ ድረስ መጡ። ልጃቸው የዱር እንስሳት ጥበቃ ለመማር መምረጧን ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል። «መምህር፣ አራት ዓመት ተምራ ዘበኛ ልትሆን ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው ወይ?» አሉኝ። በእርሳቸው አልተቆጣሁም። የተቆጣሁት ይህን በነገሯቸው፣ ራሳቸውም ዲግሪ ባላቸው ዘመዶቻቸው ነው። ይህ ጥያቄ በሠርግ ቤትም በለቅሶ ቤትም ለዓመታት ሲቀርብልኝ ስለኖረ አንድ ጊዜ በጽሑፍ መመለሱን መረጥሁ።

ስህተቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። በአማርኛችን የባንክ በር ላይ የሚቆመውም ሰው «ጥበቃ» ይባላል፣ አንድን ዝርያ ከመጥፋት የማዳን ሙያም «ጥበቃ» ይባላል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጠመንጃ ይዘው የሚዞሩት ስካውቶች ሥራቸው ክቡር ነው፤ ገደሉንም መንጋውንም ከማንኛችንም በላይ ያውቁታል። የምሩቁ ሥራ ግን ሌላ ነው። ዋልያው ስንት ነው፣ ካለፈው ዓመት ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ለምንስ፣ ምንስ ቢደረግ ይሻላል የሚሉትን ጥያቄዎች በማስረጃ መመለስ ይጠበቅበታል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ሲገባ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ሲወጣ ውሳኔው ከተመሠረተባቸው ነገሮች አንዱ የእንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች መልስ ነበር። ለልጅቱ አባትም ይህንኑ ነገርኋቸው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላኛው አመለካከት ነው፤ ምክንያቱም ይህኛውን ይዘው የሚመጡት ወላጆች ሳይሆኑ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። «እንስሳ ስለምወድ ነው የመረጥሁት፤ ሒሳብም ስለማይሆንልኝ» ይሉኛል። የመጀመሪያው ግማሽ መልካም ነው። ሁለተኛው ግማሽ ተማሪውን በሁለተኛው ዓመት እንባ ያስለቅሰዋል።

አንድ ማለዳ ተማሪዎቼን ይዤ በፓርኩ ውስጥ ጨነቅ በሚባለው ቦታ ዋልያ ስናስቆጥር የሆነውን ልንገራችሁ። ከ3,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ዋልያ ደግሞ ከገደሉ ወጥቶ በደንብ የሚታየው ማለዳና አመሻሽ ላይ ስለሆነ መዘግየት አይቻልም። ሦስት ቡድን በሦስት ጫፍ ተቀምጦ በባይኖኩላር ቆጠረ። አንደኛው 23፣ ሁለተኛው 31፣ ሦስተኛው 27 ብሎ መጣ። ደምረው 81 ዋልያ አየን ብለው ደስ አላቸው። ሰዓቱንና አቅጣጫውን ስናመሳክር ግን የመጀመሪያው ቡድን ያየው መንጋ ሸንተረሩን ተሻግሮ በሁለተኛው ቡድን ፊት ማለፉ ታወቀ። አንድ መንጋ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ወደ ሪፖርት ቢገባ፣ እየተመናመነ ያለ ዝርያ እየበዛ ነው ተብሎ ገንዘቡም ትኩረቱም ወደ ሌላ ቦታ ይዞራል። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር በተፈጥሮ የሚኖርበት ሌላ ቦታ ስለሌለ ስህተቱን የሚያርም ሌላ መንጋ የለም።

ሒሳቡ ከእንስሳው ተለይቶ የሚቆም ነገር አይደለም። አይጥን እንውሰድ፤ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ነውና። 40 አይጥ ይዘን ምልክት አድርገን ብንለቅ፣ ከቀናት በኋላ 50 ብንይዝና ከእነርሱ 10ሩ ምልክት ያለባቸው ሆነው ብናገኝ፣ በቦታው 200 ያህል አይጥ እንዳለ መገመት እንችላለን፤ ምልክት ያለባቸው ከተያዙት አንድ አምስተኛ ከሆኑ፣ 40ውም ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ናቸውና። ይህን ስሌት የሚጠላ ሰው ቀይ ቀበሮው ይራብ አይራብ ሊነግረን አይችልም።

ሌላው ጊዜ ደግሞ የሚያልፈው በእንስሳው ሳይሆን በሣሩና በኩሱ ላይ ነው። ተማሪው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በገመድ በታጠረ ቦታ ተንበርክኮ ስንት እጁ ጓሳ የሚባለው ሣር፣ ስንት እጁ ባዶ መሬት እንደሆነ ሲጽፍ ይውላል፤ የጭላዳ ዝንጀሮ ምግብ በአብዛኛው ሣር ስለሆነ የሣሩ ነገር የጭላዳው ነገር ነው። የቀበሮ ኩስ ሰብስቦ፣ አጥቦ፣ በወንፊት አጥልሎ፣ የቀረውን ፀጉርና ጥርስ ለይቶ ምን እንደበላ ይመዘግባል። ቀይ ቀበሮ በግ ጨራሽ ነው የሚለው አሉባልታ የተሰበረው በዚህ መንገድ ነው፤ ከኩሱ የሚወጣው በአብዛኛው የአይጥ ጥርስና ፀጉር ነው።

ትምህርቱ ከእንስሳው ይልቅ ስለ ሰው ነው ብል ደግሞ የተጋነነ አይመስለኝም። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ከደባርቅ አለፍ ብሎ ካለ መንደር አንድ አርሶ አደር ልትጠይቅ ሄዳ፣ ገና ከሰላምታው ቀጥላ ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም እንደማይገኝ ማስረዳት ጀመረች። ሰውየው እስክትጨርስ በትዕግሥት አዳመጧትና «ልጄ፣ ብርቅነቱ ገብሴን ከመብላት አልከለከለውም» አሏት። ከዚያ በኋላ የምትጠይቀው ጠፋት። መጠየቅ የነበረባት በየትኛው ወር እንደሚመጣ፣ ማሳው ከገደሉ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ጠባቂው ልጅ ከሆነም በዚያ ወቅት ትምህርት ቤት ይሄድ እንደሆነ ነበር። በሁለተኛው ጉብኝቷ ይህን ጠይቃ የመጣችበት ማስታወሻ እስከ ዛሬ ለአዳዲስ ተማሪዎች የማሳየው ነው።

ውሻም እንዲሁ የሰው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፤ የበሽታው ምንጭ የመንደር ውሾች ነበሩ። ወረርሽኙ እንዳይዛመት የተደረገው በሽታው ሊሻገርባቸው በሚችሉ መተላለፊያዎች ላይ ያሉትን ቀበሮዎች መርጦ መከተብ ነበር። የትኞቹን መርጦ መከተብ እንደሚበቃ የሚታወቀው በስሌት ነው፤ የመንደሩን ውሻ ማስከተብ የሚቻለው ደግሞ የውሻውን ባለቤት በማሳመን ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ስለሚገመት፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ ባለሙያ ግማሽ ባለሙያ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ውጤት ያነሰው ተማሪ የሚጣልበት የትምህርት ክፍል ነው የሚባለው ሐሰት ነው፤ ከላይ ያልሁትን የሚሸከም ተማሪ ደካማ ሊሆን አይችልም። ሴት ልጅ ተራራውን አትችለውም የሚለውን በቆጠራው ዕለት ከሁሉ ቀድመው ጫፍ ላይ የደረሱት ሴት ተማሪዎቼ መልሰውልኛል። ፓርክ ለፈረንጅ ነው ለሚሉም፣ ከዚያ ተራራ የሚወርደው ውኃ ወደ ተከዜ የሚገባና የእኛው ገበሬ የሚጠጣው መሆኑን አስታውሳለሁ።

ይህን ሙያ ለመግባት አንድ በር ብቻ ነው ያለው የሚለው ግን ትንሽ ማብራሪያ ይሻል። ወንዶ ገነት በዚህ ዘርፍ ዲግሪ ይሰጣል፤ ነገር ግን ከባዮሎጂ፣ ከደን ሳይንስና ከእንስሳት ሕክምናም ይገባል። በሕንድ ክፍለ አህጉር ጥንብ አንሳዎች በሚሊዮኖች ሲያልቁ፣ ምክንያቱ ለከብት ሕመም ማስታገሻ ይሰጥ የነበረውና ከከብቱ ጥንብ ጋር የሚበሉት ዳይክሎፌናክ መሆኑን ያወቁት የአሞራውን ኩላሊት የመረመሩ የእንስሳት ሐኪሞችና ባልደረቦቻቸው ነበሩ፤ ውጤቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጎንደር ላይ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ የዱር እንስሳት ባለሙያ መሆን ይቻላል ስል ይህን ይዤ ነው።

ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን የጨረሰና ይህን የሚያስብ ካለ ክረምቱን እንዲህ ያሳልፈው። ከመደብሩ ባለ መስመር ደብተር ይግዛ። የስታቲስቲክስን መጀመሪያ ምዕራፎች፣ አማካይንና ልዩነትን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ)፣ በወረቀትና በእርሳስ ይሥራ። ከዚያም በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከከተማዋ ቄራ አጠገብ በአንድ ቦታ ቆሞ የሚወርደውን ጥንብ አንሳ ይቁጠር። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናቡን ይጻፍ፤ ምንም ባላየ ቀንም ዜሮ ብሎ ይጻፍ፤ ዜሮም ማስረጃ ነውና። በከተማችን ሰማይ የሚዞረው አነስተኛው ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዱ ስለሆነ ደብተሩ የጨዋታ ደብተር አይሆንም። መስከረም ላይ ይዞልኝ ይምጣ፤ መጀመሪያ የምጠይቀው ዜሮዎቹን ጽፏቸው እንደሆነ ነው።